በቤተ ሙከራ እንስሳት አንጎል ላይ ስለሚሠሩ ሮቦቶች፦ ጥያቄና መልስ

የደሴ የሕክምና ተማሪዎችና የኮምቦልቻ የምሕንድስና ተማሪዎች ላቀረባችሁልኝ ጥያቄዎች እነሆ መልሴ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ በእጅ መሥራት እየተቻለ ሮቦት ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ የትንሿ የቤተ ሙከራ አይጥ አንጎል ግማሽ ግራም እንኳ አይመዝንም፤ ከውስጡ የምንፈልጋቸው ክፍሎች አንዳንዶቹ ከግማሽ ሚሊሜትር ያንሳሉ። እንግሊዛውያኑ ሆርስሊና ክላርክ በ1908 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ስቴሪዮታክሲክ መሣሪያ የእንስሳውን ጭንቅላት አጥብቆ ይዞ ወደ አንጎል የሚገባውን መርፌ በሦስት አቅጣጫ በልክ ይመራል። በእጅ የሚዞረው በተለምዶ እስከ 0.1 ሚሊሜትር ይነበባል፤ በሞተር የሚነዳው በማይክሮን (በሚሊሜትር ሺኛ) ይቆጥራል። መርፌው ቦታውን ከሳተ የእንስሳው ሕይወት በከንቱ ያልፋል፣ በምትኩም ሌላ እንስሳ ይቀርባል፤ ለእኔ ትልቁ ምክንያት ይህ ነው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ሞተሩ በማይክሮን ከቆጠረ ስሕተቱ ከየት ይመጣል?

መልስ፦ ከራስ ቅሉ አያያዝ ነው። መነሻችን ብሬግማ የሚባለው፣ የራስ ቅል ስፌቶች ከፊት በኩል የሚገናኙበት ነጥብ ሲሆን፣ ከኋላው ካለው የስፌቶች መገናኛ፣ ከላምዳ ጋር በአንድ ከፍታ ላይ መዋል አለበት። ጭንቅላቱ ወደ ጎን 3 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል፣ 5 ሚሊሜትር ጠልቆ የሚገባው መርፌ ከታለመለት ቦታ 0.26 ሚሊሜትር ገደማ ይርቃል፤ ሞተሩም ይህን ስሕተት በፍጹም ታማኝነት ይፈጽመዋል። ስለዚህ የተሻሉት ሮቦቶች የራስ ቅሉን ገጽ አስቀድመው ለክተው ዝንባሌውን ያርማሉ። ይሁንና ዕድሜና ዝርያ የአንጎልን መጠን ስለሚለውጡ፣ የምንመራበት የአንጎል ካርታ (አትላስ) የተሠራበት እንስሳ ከእናንተው ጋር መመሳሰሉን የሚያረጋግጠው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ለመርፌው መግቢያ የራስ ቅሉን የሚበሳው መሰርሰሪያ አጥንቱን ሲጨርስ እንዴት ያውቃል?

መልስ፦ አንዱ ዘዴ ኤሌክትሪክ ነው። አጥንት ኤሌክትሪክን እምብዛም አያስተላልፍም፣ ከሥሩ ያለው እርጥብ ሽፋን ግን ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ጫፉ ሲያልፍ ንባቡ በድንገት ይለወጣል፣ ሞተሩም ይቆማል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ እዚሁ መሥራት እንችላለን?

መልስ፦ የሚያንቀሳቅሰውን ክፍል፣ አዎን። በአንድ ዙር 200 እርምጃ የሚሄድ ስቴፐር ሞተር፣ በዙር 1 ሚሊሜትር የሚገፋ ቡሎን ቢያዞር፣ እያንዳንዱ እርምጃ 5 ማይክሮን ይሆናል። ፈተናው በቡሎኑና በዳዶው መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ አቅጣጫ ሲቀየር ሞተሩ እየዞረ መርፌው ለጥቂት ጊዜ ባለበት ይቀራልና፣ ወደ ዒላማው ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ቅረቡ። የመጀመሪያው ሙከራችሁም በጥሬ እንቁላል ላይ ይሁን፤ ቅርፊቱ ተበስቶ ከሥሩ ያለው ስስ ሽፋን ሳይቀደድ እስኪቀር ድረስ ወደ እንስሳ አትሂዱ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ የከተማችን ከፍታ ለውጥ ያመጣልን?

መልስ፦ ያመጣል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም እንዲሁ። አይሶፍሉሬን በሚባለው ማደንዘዣ የተኛ እንስሳ ትንፋሹ ደካማ በመሆኑ ኦክስጅን ሊሰጠው፣ ትንሽ አካሉም ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ከሥሩ ማሞቂያ ሊነጠፍለት ይገባል። ሮቦቱ መርፌውን እየነዳ ሳለ የእናንተ ዓይን ከእንስሳው ትንፋሽ ላይ አይነሣ።