መልስ፦ ኮርኒስ ውስጥ የገቡ ርግቦች
ሰላም ወንድሜ፣ አዘዞ ያለው ቤትህ ኮርኒስ ውስጥ ርግብ ገብቶ ኩሱ አሸንዳውን ደፈነብኝ ላልከው፦ መርዝ በፍጹም አታስብ፤ ኮርኒስ ውስጥ ሞተው ይሸቱብሃል።

መጀመሪያ ጎጆውን እይ። እንቁላሉ በ18 ቀን ገደማ ይፈለፈላል፣ ጫጩቱ እስኪበር ደግሞ ከ4 እስከ 5 ሳምንት ይፈጃል። ጫጩት እያለ ከዘጋህ እዚያው ይሞታል፤ ያሳዝናልም። ባዶ መሆኑን ካረጋገጥክ ቀን ላይ፣ ርግቦቹ ለምግብ ሲወጡ፣ ክፍተቱን ቀዳዳው ከ2 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥና በማይዝግ የሽቦ መረብ ዝጋ፤ ድንቢጥም አያልፍበትም። ሚስማሩን በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ምታ፤ ከተራራቀ ጠርዙን ገፍተው ይመለሳሉ።

ኩሱን በደረቁ አትጥረግ፣ አቧራው ሳንባ ይጎዳል። ማስክ አድርገህ፣ ውሃ ረጭተህ አንሳው። እንዲያስፈራቸው የሚያብረቀርቅ ሲዲ ማንጠልጠል? በጥቂት ቀን ይለምዱታል። አሸንዳውን ግን ክረምት ሳይገባ ጥረግ፤ ከተደፈነ ውሃው ወደ ግድግዳው ይፈሳል።