ሳይንቶሎጂ፣ ንስሐና የማይለቅ ትዝታ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የዶርም ጓደኛዬ ስለ ሳይንቶሎጂ ቪዲዮ አሳየችኝና ገረመኝ። መስቀል አላቸው፣ ንስሐ የሚመስል ነገርም አላቸው። መጥፎ ትዝታን ያጠፋል ይላሉ። እኔ ንስሐ ገብቼ ቀኖናዬን ጨርሻለሁ፤ ያደረግሁት ነገር ግን አሁንም ትዝ ይለኛል። ስለ እነሱ ማወቅ መፈለጌ ኃጢአት ነው? የእኛ ንስሐስ ከእነሱ በምን ይለያል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። ማወቅ መፈለግሽ ኃጢአት አይደለም። ጅማ የኖረ ሰው ሌላ እምነት ካለው ጎረቤቱ ጋር ቡና እየጠጣ የኖረ ነው። የሰውን እምነት በአክብሮት መጠየቅ እናውቅበታለን።

ሳይንቶሎጂን የመሠረተው ኤል ሮን ሃባርድ የተባለ አሜሪካዊ የሳይንስ ልቦለድ ጸሐፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ዳያኔቲክስ የተባለውን መጽሐፉን አወጣ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነገሩ ሃይማኖት ሆነ። ሰው «ቴታን» የሚሉት የማይሞት መንፈስ ነው፣ ከአሁኑ በፊትም ብዙ ጊዜ ኖሯል ይላሉ። በሕመምና በድንጋጤ ሰዓት የደረሰበት ነገር «ኤንግራም» ሆኖ አእምሮው ውስጥ ተቀምጦ ሳያውቀው ያሠቃየዋል ብለው ያምናሉ።

ይህን ለማጥፋት «ኦዲቲንግ» ይቀመጣሉ። ሰውየው በሁለት እጁ ሁለት የብረት ጣሳ ይይዛል። ጣሳዎቹ ኢ-ሜትር ከሚባል መሣሪያ ጋር በሽቦ ተያይዘዋል። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ጠያቂ እየጠየቀ መርፌው ሲወዛወዝ ያያል። መርፌው በተወዛወዘበት ላይ ደግሞ ይጠይቃል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 ፍርድ ቤት መሣሪያው በሽታ ለመመርመርም ሆነ ለማከም እንደማይጠቅም የሚናገር ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍበት አዟል። ያየሽው መስቀል ስምንት ጫፍ አለው፤ ስምንቱ የሕይወት ዘርፎች የሚሏቸውን ይወክላል እንጂ የጌታችንን ስቅለት አይደለም።

ሁለት ነገር ላይ ግን ጠበቅ እላለሁ። ኦዲቲንጉም ኮርሱም ይከፈልበታል፤ ወደ ላይኛው ደረጃ የሚወጣ ሰው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። የላይኛው ደረጃ ትምህርት ደግሞ እዚያ ላልደረሰ ሰው አይገለጥም። ጌታችን «በስውርም ምንም አልተናገርሁም» ብሏል (ዮሐ. 18፥20)። ጴጥሮስም ለሲሞን «የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ እንድታገኝ አስበሃልና ብርህ ከአንተ ጋር ይጥፋ» አለው (ሐዋ. 8፥20)። ይህ ቃል ለእኛም ነው። ለንስሐ አባቱ ብር ሰጥቶ ቀኖና ለማስቀነስ የሚሞክር ሰው እኛም ዘንድ አለ፤ እሱም ከሲሞን ጋር ቆሟል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። የጥያቄሽ ልብ ያለው «አሁንም ትዝ ይለኛል» ያልሽው ላይ ነው። ይህን ስንቱ ነው የጠየቀኝ! ሰው ንስሐ ገብቶ ትዝታው ካልለቀቀው ይቅር አልተባልኩም ብሎ ይደመድማል። ሌላ ንስሐ አባት ይፈልጋል፣ ያንኑ ኃጢአት ደግሞ ይናዘዛል፣ ከቁርባን ይሸሻል። ንስሐን ትዝታ ማጥፊያ ካደረግነው ከኦዲቲንጉ በምን ተለየን?

ዳዊትን ተመልከቺ። ናታን «እግዚአብሔር ደግሞ ኃጢአትህን አርቆልሃል» አለው (2ሳሙ. 12፥13)። ያው ዳዊት በመዝሙር 50 «ኃጢአቴም ሁልጊዜ በፊቴ ነው» ይላል። ይቅር ተብሏል፤ አልረሳም። ጳውሎስ ሐዋርያ ሆኖ ስንት አገር ካስተማረ በኋላ እንኳ ቤተ ክርስቲያንን ማሳደዱን ያነሣል (1ቆሮ. 15፥9)። በኢሳይያስ «ኃጢአትህንም አላስብም» ያለው እግዚአብሔር ነው (43፥25)። አንቺ አታስቢውም አላለሽም።

ትዝታው ሥራም አለው። አንድ የቡና ነጋዴ አውቃለሁ፤ በወጣትነቱ ከገጠር ቡና ይዘው የሚመጡ ገበሬዎችን ሚዛን ያጭበረብር ነበር። ንስሐ ገባ፣ ጾመ፣ ሰገደ። የአንድ ሽማግሌ ፊት ግን አልለቀው አለ። «መምህር፣ ምን ላድርግ?» ሲለኝ «ሽማግሌው በሕይወት አሉ?» አልኩት። አሉ። ሄዶ ገንዘባቸውን መለሰ፣ ጨምሮም ሰጣቸው፣ እንደ ዘኬዎስ። ያ ትዝታ በኦዲቲንግ ጠፍቶለት ቢሆን ሽማግሌው ገንዘባቸውን አያገኙም ነበር!

ስለዚህ ትዝታሽ የበደልሽውን ሰው እያሳየሽ ከሆነ ሄደሽ ታረቂ። የተፈጸመብሽ በደል ከሆነ ግን በፍጹም የአንቺ ኃጢአት አይደለም፤ ንስሐ ግቢበት የሚልሽንም አትስሚ። እንቅልፍ የሚነሣሽ ከሆነ ሐኪም አማክሪ። ሳይንቶሎጂ የአእምሮ ሕክምናን አጥብቆ ይቃወማል፤ እኛ ግን አንቃወምም። የዩኒቨርሲቲያችሁ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ጸበልሽንም መድኃኒትሽንም ይዘሽ መኖር ትችያለሽ።

ጓደኛሽን አትራቂያት፣ አትሳለቂባትም። ንስሐ አባትሽን በዚህ ሳምንት አግኚና ለእኔ የጻፍሽውን ንገሪያቸው። ቀኖናሽን ጨርሰሻል ካሉሽ ትዝታው እስኪጠፋ ብለሽ አትጠብቂ፤ ተዘጋጅተሽ ቍረቢ።