የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጀልባዋ ጣና፣ ባለቤቶቿ ደብረ ብርሃን

ጥያቄ፦ ከወንድሜ ጋር ባሕር ዳር 6 ሜትር የፋይበር ግላስ ጀልባ አለችን። ሞተሯ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት፣ ዘይት በቤንዚን ተቀላቅሎ የሚሠራ ነው። ሥራችን እዚህ ስለሆነ ከሰኔ እስከ መስከረም አናያትም። ዐምና ለመስቀል ስንሄድ ውሃ ሞልቷት፣ ከኋላ ሰጥማ፣ ባትሪው ሞቶ፣ ሞተሩም አልነሣ ብሎ ጠበቀን። ጠባቂው «ዝናቡ ነው» ይላል። ዝናብ ብቻውን ይህን ያደርጋል?
(ከጠባሴ፣ ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ያደርጋል፤ ጠባቂው አልዋሸም። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። ባሕር ዳር በሐምሌ ብቻ ወደ 400 ሚሊ ሜትር ይዘንባል። የጀልባችሁ ክፍት ቦታ 8 ካሬ ሜትር ቢሆን በወሩ 3,200 ሊትር ይገባታል፤ ከሦስት ቶን በላይ ማለት ነው። ሞተሩ ኋላ ስለሚከብድ ውሃውም ወደዚያው ይሄዳል።

ፓምፕ አለን ትሉ ይሆናል። የፓምፑን ተንሳፋፊ ማብሪያ (ውሃ ሲሞላ ከፍ ብሎ ፓምፑን የሚያስነሣውን) ቅጠል ከያዘው ግን ፓምፑ በደረቁ ይዞራል። 3 አምፒር የሚስብ ከሆነ 60 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ20 ሰዓት ያልቃል። በማግስቱ ሲዘንብ ውሃውን የሚያወጣ የለም። በእኛ አስተያየት በክረምት ባለቤቱ የራቀ ጀልባ ውሃ ላይ አያድርም።

ሰኔ ሳይጋመስ አውጧት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሚያሳርፋት ቦታ ላይ ነው። ጣና ሰኔ ላይ ዝቅ ብሎ ወደ መስከረም መጨረሻ ይሞላል፤ ከፍታው ከ1 ሜትር በላይ ይጨምራል። ዳሩ ለጥ ባለበት ቦታ ይህ በእግር ሲለካ ብዙ እርምጃ ነው፤ ከደንገሉ አጠገብ ደረቅ መሬት ላይ ያስቀመጣችኋት ጀልባ በመስከረም ተንሳፍፋ ታገኟታላችሁ፣ ካገኛችኋት። ያለፈው ሙላት በዛፍና በግንብ ላይ የተወውን መስመር ፈልጋችሁ ከዚያ በላይ አሳርፏት።

አፍንጫዋን በግንድ ወይም በአሮጌ ጎማ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉና የኋላውን ውታፍ (የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዋን መድፈኛ) ንቀሉ። ውታፉን መሪው ላይ እሰሩት፤ በመስከረም ተረስቶ የሚቀረው እሱ ነው። ሸራው መሐል ላይ በእንጨት ይደገፍ፣ ያለዚያ ረግቦ ኩሬ ይሠራል። ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ ተዉት እንጂ ወደ ላይ አታንሡት፤ ከተነሣ ፕሮፔለሩ መሐል ውሃ ይቋጥራል።

ሞተሩ አልነሣ ያለው ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ውስጥ የቀረው ቤንዚን ተንኖ፣ እንደ ሙጫ የሚለጠፍ ዝቃጭ ቀዳዳዎቹን ስለደፈነ ሳይሆን አይቀርም። ካርቡሬተሩን ፈትታችሁ በማጽጃ ፈሳሽና በኮምፕሬሰር አየር እጠቡት፤ በሽቦ መጎርጎር ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ዘንድሮ ስትወጡ፣ ጀልባዋ ገና ውሃ ላይ እያለች፣ የቤንዚኑን ቱቦ ነቅላችሁ ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ አሠሩት። ቀጥሎ ካንዴላዎቹን አውጡ፣ በየሲሊንደሩ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሩና በእጅ ጥቂት አዙሩት። የተረፈውን ድብልቅ ለመስከረም አታስቀምጡ። የሞተሩን እግር ታችኛውን ብሎንም ጠጋ ብላችሁ ፍቱ፤ የሚወጣው ዘይት ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል፣ ጎማ ማሸጊያው ሳይቀየር አይሠራም።

ባትሪውን ይዛችሁት ኑ። ሞልቶ 12.6 ቮልት ካሳየ የደብረ ብርሃን ብርድ ይስማማዋል፤ በብርድ የተቀመጠ ባትሪ በራሱ የሚያጣው ኃይል ያነሰ ነው። ለባቄላ ጠላት የሆነው ውርጭ እንኳ የሞላ ባትሪ አይጎዳም፤ ባዶውን ግን አርግቶ ሊሰነጥቀው ይችላል። በየሁለት ወሩ ሙሉት። አውቶቡስ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ጫፎቹም በፕላስተር ይሸፈኑ።

ለጠባቂው «አደራ» ብቻ አትበሉት። በየሳምንቱ ሁለት ፎቶ ይላክላችሁ፦ አንዱ ሸራው ከላይ፣ ሌላው የውታፉ ቀዳዳ ከውስጥ። ያ ቀዳዳ በቅጠልና በጭቃ ከተደፈነ ጀልባዋ ደረቅ መሬት ላይም ገንዳ ትሆናለች።

ጥያቄ፦ ጅቡቲ ላይ ደኅና ሲሠራ የነበረ ሞተር ጣና ላይ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጉልበቱም ቀንሷል። ዘይቱን እንቀንስ?
(ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ዘይቱን አትንኩ፤ ፒስተኑ ይነክሳል (ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል)። አምራቹ 50 ለ1 ካለ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ነው። ጣና ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ይጠፋል፣ ቤንዚኑም ለአየሩ ይበዛል። የካርቡሬተሩን ዋና የነሐስ ቀዳዳ በአንድ ቁጥር ባነሰው ቀይሩ፣ ፕሮፔለሩንም ጥርመሳው (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት) በ1 ወይም በ2 ኢንች ባነሰው። አሮጌውን ቀዳዳ አትጣሉ፤ ሞተሩ ወደ ባሕር ጠረፍ ከተመለሰ በትንሹ ቀዳዳ ቤንዚን አንሶት ይቃጠላል።