ኦኤቲ1 አኒየንን ወደ ሴል የሚያስገባው እንዴት ነው?

«የኩላሊት ሴል ውስጡ ኔጌቲቭ ከሆነ፣ ኦኤቲ1 ኔጌቲቭ የሆነ መድኃኒት እንዴት ያስገባል?» ላልከው፣ በልዋጭ ነው። ኦኤቲ1 በኩላሊት ሴል ሽፋን ላይ ሆኖ አኒየንን (ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለውን ሞለኪውል) የሚያሻግር ፕሮቲን ነው። መድኃኒቱን ሲያስገባ አልፋ-ኬቶግሉታሬት የሚባል ሌላ ኔጌቲቭ ሞለኪውል ያስወጣል። ኔጌቲቭ ሲገባ ሌላ ኔጌቲቭ ስለሚወጣ የሴሉ ቻርጅ ብቻውን አይከለክለውም።

ጉልበቱ ከየት መጣ? አልፋ-ኬቶግሉታሬት ሴሉ ውስጥ ስለሚበዛ መውጣት ይቀናዋል። ከፊሉ እዚያው ይመረታል፣ ከፊሉን ሌላ ፕሮቲን ከሶዲየም ጋር ያስገባዋል። ሶዲየሙን መልሶ የሚያስወጣው የሶዲየም-ፖታሲየም ፓምፕ ነው። ኤቲፒ (የሴሉ ጉልበት ሰጪ ሞለኪውል) የሚከፈለው እዚህ ላይ ነው፤ ኦኤቲ1 ራሱ ኤቲፒ አይነካም።

የኦኤቲ1 ጂን ኤስኤልሲ22ኤ6 ነው፣ ክሮሞዞም 11 ላይ። ፕሮቲኑን ስትስል በደም በኩል ባለው የሴሉ ገጽ ላይ አድርገው። በሽንት በኩል ካደረግከው ሁሉም ይገለባበጥብሃል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ፕሮቤነሲድ (ኦኤቲ1ን የሚያግድ መድኃኒት) ጨምረህ የምትፈትነው መድኃኒት መግባቱን ቢያቆም «በቃ ኦኤቲ1 ነው» አትበል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ሲሳሳት አይቻለሁ። ፕሮቤነሲድ ኦኤቲ3 የሚባለውን ሌላ አሻጋሪ ፕሮቲንም ያግዳል፤ እሱም እዚያው ገጽ ላይ ነው ያለው። «ፔኒሲሊን ጂ» የተባለውን መድኃኒት ለምሳሌ በዋናነት የሚያስገባው ኦኤቲ3 ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ፕሮቲኖች አንዱን ብቻ በሚሠሩ ሴሎች ላይ ለየብቻ ፈትን።