የኬሞ ትኩሳት እስኪነጋ አይጠበቅም

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እናቴ ለጡት ካንሰር ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በየሦስት ሳምንቱ ኬሞ ትወስዳለች። መድኃኒቱን በወሰደች ሰሞን ያስመልሳታል፣ አፏ ይቆስላል፣ ምግቡ ሁሉ ብረት ብረት ይላታል። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲላት ግን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብላ ትመለሳለች፤ እውነቱን ከተናገረች ሕክምናውን የሚያቋርጡባት ይመስላታል። ባለፈው ዙር፣ ሳምንት ካለፋት በኋላ፣ አንድ ሌሊት አንቀጠቀጣት፤ ጋቢ ደራርበን ፓራሲታሞል ሰጠናት፣ ሲነጋም ተሻላት። አሁን ደግሞ ጎረቤቶች ጉልበት እንድታገኝ ክትፎ አብሏት ይሉናል። ምን ይሻለናል?

ልጇ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከጻፉልን ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበን ያ ሌሊት ነው። ኬሞ በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን የሚያጠቃ በመሆኑ ከካንሰሩ ጋር የአፍና የአንጀትን ሽፋን፣ የፀጉርን ሥር፣ በመቅኒ ውስጥ የሚመረቱትን የደም ሴሎችም ይጎዳል። ነጭ የደም ሴሎች በአብዛኛው እጅግ የሚያንሱት መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ በዚያ ሰሞን የሚነሣ ትኩሳት ብርድ መታኝ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ የመከላከል አቅም በተዳከመበት ሰውነት ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላልና። ፓራሲታሞል ሙቀቱን ያወርድ ይሆናል እንጂ ኢንፌክሽኑን አያክምም፤ እንዲያውም ምልክቱን ይሸፍናል።

ስለዚህ ቴርሞሜትር ገዝታችሁ ቤት አስቀምጡ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካሳየ፣ ወይም ባያሳይም ካንቀጠቀጣቸው፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው፤ እንደደረሳችሁም ከሁሉ አስቀድማችሁ «ኬሞ ላይ ናቸው» በሉ። ከቱሉ ዲምቱ ጥቁር አንበሳ ድረስ መንገዱ ሩቅ ነው፤ በውድቅት ሌሊት መኪና ፍለጋ መሯሯጥ እንዳይመጣ መኪና ካለው ጎረቤት ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በአቅራቢያችሁ ያለው ሆስፒታል ሌሊት የደም ምርመራ የሚሠራና በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ያለው መሆኑንም በቀን ጠይቁ።

የእናትዎ ዝምታ የብዙ ታማሚዎች ዝምታ ነው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ሐኪሙ የሌሊቱን ትኩሳት ካወቀ የሚቀጥለውን ዙር ጥቂት ቀን ሊያዘገይ፣ መጠኑን ሊያስተካክል ወይም ነጭ የደም ሴልን የሚያበረታ መርፌ ሊያዝ ይችላል፤ ይህ ሁሉ ሕክምናው እንዳይቋረጥ የሚደረግ ነው። ለማስመለሱም እንደ ኦንዳንሴትሮን ያሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ይበልጥ የሚሠሩት ማቅለሽለሹ ከመጀመሩ በፊት በታዘዘው ሰዓት ሲወሰዱ ነው። ፓክሊታክሰል ወደሚባለው ሌላ የኬሞ መድኃኒት የሚዛወሩ ከሆነ ደግሞ ጣታቸው እየደነዘዘ የቀሚስ ቁልፍ መቆለፍ እስኪያቅታቸው አይጠብቁ፤ የነርቭ ጉዳት በጊዜ ካልተነገረ ሊከርም ይችላል። እርስዎ የሚያዩትን ከነቀኑ በደብተር ጽፈው አብረዋቸው ምርመራ ክፍል ይግቡ፤ እሳቸው «ደህና ነኝ» ሲሉ ደብተሩን ለሐኪሙ ያሳዩት።

ክትፎውን ተዉት። ለብ ለብ የተደረገውም ሆነ ጥሬው፣ እንዲሁም ያልፈላ ወተትና ከእርሱ የተሠራ እርጎ፣ በዚህ ወቅት አደገኛ ናቸው። ሥጋው በደንብ ይብሰል፤ እንቁላሉም እንደዚያው። ለአፋቸው ቁስል በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠው በቀን ብዙ ጊዜ እንዲጉመጠመጡ ያድርጉ፤ በርበሬና ሚጥሚጣም ይቅሩባቸው። የብረት ጣዕሙ ካስቸገራቸው በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ማንኪያ መብላት ይቀላቸዋል። አጥሚትና ሾርባ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ይቅረብላቸው፤ ግን «በሞቴ ይብሉ» እያሉ ማስጨነቅ፣ ከፍቅር ቢመጣም፣ ምግቡን ያስጠላል። መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ባሉት 48 ሰዓታት ያስመለሱበትን ዕቃ ወይም ልብስ የምታጥቡ ከሆነ ጓንት አድርጉ፤ መድኃኒቱ በሽንትና በትውከትም ይወጣልና።