ጥያቄና መልስ፦ ፊርማው «ኮቴትሱ» ይላል፤ ብረቱስ ምን ይላል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። በቅርቡ ሰፈራችን ውስጥ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ አርፈው ቤተሰቡ ዕቃቸውን ሲሸጥ የጃፓን ጎራዴ በ900 ዶላር ገዛሁ። ሰገባው እንጨት ሆኖ ቡናማ ቆዳ ለብሷል። የሽማግሌው ልጅ «አባባ ከጦርነቱ ይዞት የመጣ ነው፣ 400 ዓመት ይሆነዋል» አለኝ። እጀታውን ሳወልቀው ፊርማ አገኘሁ። ጃፓንኛ የሚያነብ ሰው «ኮቴትሱ» ነው የሚለው አለኝ። ስሙን ፈልጌ ዋጋውን ሳይ እንቅልፍ አጣሁ። ፎቶዎቹን ልኬልዎታለሁ። እውነት ነው? እጀታው ውስጥ ያለውን ዝገትስ ላጽዳው?
አ.መ.

መልስ፦ ዝገቱን እንዳትነካው! ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን፤ ይሄን ግን አሁኑኑ ያዝልኝ። እጀታው ውስጥ የሚገባውን የብረቱን ጭራ ጃፓኖች ናካጎ ይሉታል። እሱ አይወለወልም፣ አይሞረድም፣ ኮምጣጤ አይነካውም። የጎራዴውን ዕድሜ ባለሙያው በአብዛኛው የሚያነበው ከዚያ ዝገት ነው። በብርጭቆ ወረቀት አሽተኸው ነጭ ካደረግከው ዋጋውን ግማሽ ያህል በገዛ እጅህ ጣልከው ማለት ነው። እዚህ ቶኪዮ እንደዚያ ተደርጎ የመጣ ጎራዴ ሲያዩ ነጋዴዎቹ ምንም አይሉም። ዝም ብለው ጨርቁን መልሰው ይሸፍኑታል።

አሁን ወደ ኮቴትሱ። ሰውየው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኤዶ ውስጥ፣ ማለትም በዛሬዋ ቶኪዮ፣ የሠራ አንጥረኛ ነው። መጀመሪያ ጥሩር ሠሪ ነበር። ጎራዴ መሥራት የጀመረው ዕድሜው ወደ 50 ሲጠጋ ነው። ዝናው ከመናኘቱ የተነሳ ፊርማውን መኮረጅ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። «ኮቴትሱ ካየህ ሐሰተኛ ነው በል» የሚል የቆየ አባባል አላቸው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሺንሰንጉሚ፣ ማለትም ለመንግሥት ያደረ የጎራዴ ተዋጊዎች ጓድ፣ አለቃ የነበረው ኮንዶ ኢሳሚ የታጠቀው ኮቴትሱ ራሱ ሐሰተኛ ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው። እሱ ካልዳነ አንተ ከግቢ ሽያጭ እውነተኛውን የማግኘት ዕድልህን አስበው።

ስለዚህ ፊርማውን ለጊዜው እርሳው። እኔ የምሄድበት የጎራዴ ጥናት ስብስብ ላይ ናካጎው ተሸፍኖ ነው የሚቀርብልህ። ቅርጹን፣ ብረቱንና የስለቱን መስመር አይተህ ሠሪውን ትገምታለህ፣ ወረቀት ላይ ትጽፋለህ። ካገኘኸው መምህሩ «አታሪ» ብሎ ይመልስልሃል። ስትስት ደግሞ የትኛው አካባቢና የትኛው ዘመን ላይ እንደሳትክ ይነግርሃል። የቢዘን፣ የያማሺሮ፣ የያማቶ፣ የሶሹና የሚኖ አንጥረኞች እያንዳንዳቸው የታወቀ መልክ አላቸው። እንዲህ የሠለጠነ ዓይን ፊርማን የሚያየው መጨረሻ ላይ፣ የብረቱን ቃል ለማመሳከር ብቻ ነው። ብረቱ ሌላ፣ ፊርማው ሌላ ካሉ የሚታመነው ብረቱ ነው።

ፎቶዎችህን ደጋግሜ አየኋቸው። የስለቱ ርዝመት 68 ሴንቲ ሜትር ነው ብለሃል። ከ60.6 ሴንቲ ሜትር በላይ ስለሆነ ካታና ነው። ከዚያ በታች እስከ 30.3 ድረስ ዋኪዛሺ፣ ከዚያም ያነሰው ታንቶ ይባላል። ናካጎው ላይ ሁለት የችንካር ቀዳዳ አለ። ይህ ጎራዴው አንድ ጊዜ አጥሮ ወይም ሌላ እጀታ ገብቶለት እንደነበር ይጠቁማል። የዝገቱ ቀለም ደስ ብሎኛል፤ ጥቁር ቡናማ ነው፣ ለስላሳም ይመስላል። አዲስ ዝገት ብርቱካናማ ሆኖ ይፈረፈራል፣ ጣትም ያቆሽሻል።

ያልወደድኩት ፊርማውን ነው። የፊደሎቹ ጎድጓዳ ውስጥ ያለው ዝገት ዙሪያውን ካለው ይልቅ የሳሳና የፈካ ነው። ፊርማው ብረቱ ከተሠራ ቀን ጀምሮ ያለ ቢሆን ኖሮ አብረው ይጠቁሩ ነበር። ስለዚህ ፊርማው ኋላ የተቀረጸ ይመስለኛል። እንዲህ ያለውን ጊሜይ ይሉታል። ያታለለህ ግን የሽማግሌው ልጅ አይደለም። ከ200 እና ከ300 ዓመት በፊትም እዚህ አገር ያሉ ነጋዴዎች ስም የሌለውን ጎራዴ ስም ያወጡለት ነበር።

ፊርማው ሐሰተኛ ሆነ ማለት ብረቱ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቆዳ የለበሰው ሰገባ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመኮንን ትጥቅ ነው። የጃፓን መኮንኖች ጎራዴያቸውን የሚገዙት በራሳቸው ገንዘብ ስለነበር አንዳንዱ የአያት ቅድመ አያቱን ብረት አዲስ ልብስ አልብሶ ይዞ ዘምቷል። አብዛኛው ግን በጊዜው ከፋብሪካ ብረት የተሠራ፣ ግሎ በውኃ ሳይሆን በዘይት የተነከረ ነበር። እንዲህ ያለው ናካጎው ላይ ብዙ ጊዜ የሴኪ (የጎራዴ ሠሪዎች ከተማ) ወይም የሾዋ (የዘመኑ ስም) ማኅተም ይኖረዋል። ያንተ ላይ ማኅተም አላየሁም። ቀዳዳው ሁለት፣ ዝገቱ ጥቁር፣ ማኅተም የለም። በሳሙራይ ዘመን የተሠራ ለመሆን ጥሩ ዕድል አለው።

ማታ ሌላውን መብራት አጥፋና አንድ አምፖል ብቻ ተው። የጎራዴውን ጫፍ ወደ አምፖሉ አቅጣጫ አድርገህ ትንሽ ከፍና ዝቅ አድርገው። ስለቱን ተከትሎ የሚሄደው ነጣ ያለ መስመር ሃሞን ይባላል። ሠሪው ስለቱን በስሱ፣ ጀርባውን በወፍራሙ ጭቃ ቀብቶ፣ አግሎ ውኃ ውስጥ ሲነክረው የሚፈጠር ነው። በእውነተኛው ውስጥ ጥቃቅን ብልጭታዎች ታያለህ፤ ጤዛ የመሰለ ነገር። በአሲድ የተሠራው ግን ልሙጥ ነጭ ቀለም ብቻ ነው። ሃሞኑ እስከ ጫፉ ድረስ ሳይቋረጥ መሄዱን አረጋግጥ። ጫፍ ላይ ከጠፋ ትልቅ ጉዳት ነው።

ከዚያ የምትፈራውን ፈልግ። ስለቱ ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ የሚገባ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ። ስሙ ሃጊሬ ነው። እሱ ካለ ግድግዳ ላይ ስቀለው፣ ገንዘብ አታውጣበት። ሌላውን ጉድለት፣ ትናንሽ መላላጥና ክፍተት፣ ሰብሳቢ ይታገሰዋል። ሃጊሬን ግን ማንም አይታገስም።

ከሌለው በአሜሪካ ጎራዴ ትርኢት ወደሚደረግባቸው ከተሞች ሂድ። ሳን ፍራንሲስኮና ቺካጎ ይታወቃሉ። ይዘኸው ስትሄድ ሦስት አራት የሚያውቅ ሰው አስተያየት በነፃ ታገኛለህ። በዚያ ቀን «ልግዛህ» የሚልህን ሰው ቢያንስ አንድ ቀን አስጠብቀው። ቶኪዮ ያለው የጎራዴ ጥበቃ ማኅበር ፊርማው ሐሰተኛ ሆኖ ካገኘው የምስክር ወረቀት አይሰጥም። አንዳንድ ባለቤቶች ወረቀት ለማግኘት ሲሉ ፊርማውን አስፍቀው መልሰው ያቀርባሉ። እኔ አትቸኩል ነው የምልህ፤ የተፋቀ አይመለስም። 900 ዶላሩን በተመለከተ ደግሞ አልከሰርክም። ተኛ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አያቴ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው ነበር። ሲመለሱ ያመጡት የጃፓን ጎራዴ ሣጥን ውስጥ አለን። እጀታው ብረት ነው፤ ጨርቅ የተጠመጠመበት እንዲመስል ተደርጎ ቀለም ተቀብቷል። ከእጀታው አጠገብ ብረቱ ላይ ቁጥር አለ፤ ሰገባውም ላይ ቁጥር አለ። ወንድሜ «የሳሙራይ ነው፣ ጃፓን እንላከውና ይሸጥ» ይላል። እናቴ ሰምታ አኮረፈች።
የካዛንቺሷ

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ ተሳስቷል፤ የእናትሽን ኩርፊያ ግን እረዳለሁ።

የገለጽሽው እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው የ95 ሞዴል የበታች ሹማምንት ጎራዴ ነው። እጀታው የአሉሚኒየም ቅልጥ ነው፣ ስለቱ በማሽን የተሠራ ነው፣ ቁጥሩም የጦር መሣሪያ ቁጥር ነው። ሳሙራዮች ጎራዴ መታጠቅ የተከለከሉት በ1876 ስለሆነ በመካከሉ ወደ ስድሳ ዓመት አለ። ውበቱን ብሎ የሚሰበስበው ሰው የለም። የጦርነት ታሪክ ሰብሳቢዎች ግን ይፈልጉታል። መጀመሪያ የሚያዩት የስለቱና የሰገባው ቁጥር አንድ መሆኑን ነው፤ ቀጥሎ የእጀታው ቀለም የፋብሪካው መሆኑን። የለቀቀ ቀለም ካለ እንዳታስቀቢው። ቻይና ውስጥ የተሠራ ሐሰተኛም ሞልቷል፣ ቁጥሩ የተንጋደደ፣ በስለቱ ጎን የሚሄደው ቦይም ሻካራ ነው። ኮሪያ ዘምተው በመጡ ሰው ሣጥን ውስጥ የቆየ ከሆነ ግን ያ ብዙ አያሳስበኝም።

ወደ ጃፓን መላኩን እርሱት። በዚህ አገር ሕግ የሚመዘገበው በባህላዊው መንገድ በእጅ የተሠራ ጎራዴ ብቻ ነው። የ95 ሞዴል አይመዘገብም፤ ጉምሩክ ላይ ይወሰዳል፣ አይመለስም። ቶኪዮ ለሚመጣ ዘመድ እንዳትሰጡት፤ ሰውየውን ችግር ውስጥ ትከቱታላችሁ።

እኔን የሚያጓጓኝ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ፑሳን የደረሰው በግንቦት 1951 ነው። ጃፓን ኮሪያን እስከ 1945 ትገዛ ስለነበር ጎራዴው እዚያው የቀረ ሊሆን ይችላል። የኮሪያ ዘማቾች ለእረፍት ወደ ጃፓን ይወጡም ስለነበር አያትሽ ከዚያ አግኝተውት ይሆናል። የትኛው እንደሆነ እናትሽ ሰምታ ይሆናል። ዛሬውኑ ጠይቂያት፤ የነገረችሽን ጽፈሽ፣ አያትሽ የደንብ ልብስ የለበሱበት ፎቶ ካለ ኮፒውን ጨምረሽ ከጎራዴው ጋር አስቀምጪ። ታሪኩ በጽሑፍ ያለው ጎራዴ ከሌለው በጣም ይለያል፣ በገበያም በቤትም። ስለ መሸጡ ከጠየቅሽኝ እኔ ከእናትሽ ጎን ነኝ።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ነው የምኖረው። እስከ 3,000 ዩሮ ድረስ አውጥቼ አንድ እውነተኛ የጃፓን ጎራዴ መግዛት እፈልጋለሁ። ሻጩ «ከጃፓን መንግሥት ወረቀት አለው» ይላል። ይበቃል?
ዮ.

መልስ፦ አይበቃም። «የመንግሥት ወረቀት» ሲሉህ ብዙ ጊዜ ቶሮኩሾ ማለታቸው ነው። እሱ የክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቦርድ የሚሰጠው የምዝገባ ካርድ ነው። ርዝመቱን፣ ጉብጠቱን፣ የቀዳዳውን ብዛትና ፊርማው ምን እንደሚል ይመዘግባል። ፊርማው እውነት ነው አይልም! ደግሞም ጎራዴው በሕጋዊ መንገድ ከጃፓን ሲወጣ ካርዱ ይመለሳል፤ የባህል ጉዳዮች ኤጀንሲ የመውጫ ፈቃድ ይሰጣል። ጀርመን ውስጥ ካርዱን ከነጎራዴው የሚያሳይህ ሰው ካለ እንዴት ሆነ ብለህ ጠይቀው።

አንተ የምትፈልገው የጎራዴ ጥበቃ ማኅበሩን የምርመራ ወረቀት ነው። ማኅበሩ በ1948 የተቋቋመ ነው፤ ሙዚየሙ ርዮጎኩ ውስጥ፣ ከሱሞ አዳራሹ ብዙም ሳይርቅ አለ። ደረጃው ከታች ሆዞን፣ ቀጥሎ ቶኩበትሱ ሆዞን፣ ከዚያ ጁዮ፣ ከሁሉም በላይ ቶኩበትሱ ጁዮ ነው። ላንተ ገንዘብ ሆዞን ጥሩ ነው። ይህ አሠራር ከመምጣቱ በፊት የወጡ አሮጌ ወረቀቶችን ግን እንደ ዋስትና አትቁጠራቸው፤ በዚያ ጊዜ ማጭበርበር ነበረ።

ምክሬን ከፈለግክ ካታና አትግዛ። ሁሉም ካታና ስለሚፈልግ በ3,000 ዩሮ የምታገኘው የደከመ ነው። በዚያው ገንዘብ ጥሩ ዋኪዛሺ ታገኛለህ። ሻጩ «ማሳሙኔ» ካለህ፣ ማለትም የጃፓን ስመ ጥሩ አንጥረኛ ሥራ ነው ካለህ፣ ደግሞ ስልኩን ዝጋ። የማሳሙኔ ሥራ አብዛኛው ፊርማ የለውም። ጃፓንን ይገዛ የነበረው የቶኩጋዋ ቤተሰብ ንብረት የነበረውና በጣም የታወቀው ሆንጆ ማሳሙኔ በ1945 መጨረሻ ቶኪዮ ያለው መጂሮ ፖሊስ ጣቢያ ከተረከበው በኋላ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሻጭህ ያገኘው አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ከአጎቴ የወረስኩት የጃፓን ጎራዴ ደንዝዟል። ቢላ ለሚስሉት ልስጠው?
ከባህር ዳር

መልስ፦ በፍጹም። የጃፓን ጎራዴ የሚሳለው ለዚሁ ዓመታት በተማረ ባለሙያ፣ ተራ በተራ በሚቀያየሩ የተፈጥሮ ድንጋዮች፣ በእጅና በውኃ ነው። የማሽን ድንጋይ ቅርጹን በደቂቃ ያበላሸዋል፣ ሙቀቱም የስለቱን ጥንካሬ ይገድላል። የባለሙያው ዋጋ ለአንድ ካታና ከ2,000 ዶላር በቀላሉ ያልፋል፤ ስለዚህ ምን እንደሆነ ሳታውቅ አታስስለው። በተሳለ ቁጥር ብረት ይቀንሳል።

እስከዚያው ስለቱን በጣትህ አትንካ፤ ላብ ያዝገዋል። በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ፣ ከጀርባው በኩል ይዘህ ጥረገው፤ ከዚያ የስፌት ማሽን ዘይት በጣም በስሱ ቀባው። የምግብ ዘይት አይሆንም። ሰገባው ውስጥ ስትመልሰው ስለቱ ወደ ላይ ይሁን። ክረምት ሲገባ አውጥተህ እየው፤ የጣና እርጥበት ቀላል አይደለም። የናካጎውን ፎቶ በሁለቱም በኩል አንስተህ ላክልኝ፣ ከጎኑ ማስመሪያ አድርግበት።