ጥንቸልሽ መብላት ካቆመች ሰኞን አትጠብቂ

እህቴ፣ «ጥንቸላችን ከትናንት ማታ ጀምሮ ምግብ አልነካችም፣ ክሊኒኩ ሰኞ ነው የሚከፍተው፣ እንጠብቅ ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽውን ከሥራ ስወጣ አየሁት። አትጠብቂ። እኔ የእኛዋን ጠብቄ ነው የቀበርኳት።

1. በጠጧን እዪ። ካነሰ፣ ከደቀቀ ወይም ጭራሽ ከጠፋ አንጀቷ ሥራ እያቆመ ነው። ጥንቸል እንደ ውሻ አታስመልስም፤ አንጀቷ ሲቆም ጋዝ ይሞላታል፣ ሲያማት አትበላም፣ ስላልበላች ደግሞ ይብስባታል። ጥግ ይዛ ተኮራምታ ጥርሷን የምታፋጭ ከሆነ ሕመም ነው። ጆሮዋ ከቀዘቀዘማ ይሄን ማንበብሽን ትተሽ መኪና አስነሺ።

2. ቤት ያለ መድኃኒት እንዳትሰጫት። መሳቢያው ውስጥ ከአገር ቤት የመጣ አሞክሳሲሊን የሌለው ሐበሻ ስንት አለ? እኔም ነበረኝ። ጊዜው 2021 ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። የልጄ ጥንቸል፣ ጥጥ ነበር ስሟ፣ ታስነጥሳለች፣ አፍንጫዋ ይፈሳል። ሰፈራችን ወዳለ ክሊኒክ ደወልኩ፤ «አዎ፣ ጥንቸል እናያለን» አሉኝ። ሄድን። መጀመሪያ 95 ዶላር ተቀበሉ። ከዚያ እንደ በሬ ከሚያክል ውሻ ጎን አንድ ሰዓት ተኩል አስቀመጡን፤ ጥጥ ሣጥኗ ውስጥ ስትንቀጠቀጥ አሁንም ድረስ ይታየኛል። በመጨረሻ ሐኪሟ በር ላይ ቆማ አየቻትና «እኛ ውሻና ድመት ነው የምናክመው፣ የኤግዞቲክ ሐኪም ፈልጉ» አለችን፤ ከውሻና ከድመት ውጭ ያሉትን የቤት እንስሳት የሚያክም ማለቷ ነው። ብሬን ስጠይቅ የሪሴፕሽኗ ልጅ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «የምርመራ ነው፣ አይመለስም» አለችኝ። የምን ምርመራ? እጇን መቼ አሳረፈችባት! ደረሰኙ እስከዛሬ ፍሪጄ ላይ ተለጥፏል።

በንዴት ቤት ገባሁና ካፕሱሉን ከፍቼ በሙዝ ለውሼ ሰጠኋት። ያኔ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን ተቅማጥ፣ ከዚያ ምግብ እምቢ። ቅዳሜ ነበር፣ «ሰኞ ሌላ ቦታ እወስዳታለሁ» አልኩ። እሑድ ጎሕ ሳይቀድ ሞተች። በኋላ አንዲት የኤግዞቲክ ሐኪም እንዳስረዳችኝ ይሄ መድኃኒት በአፍ ሲሰጥ የጥንቸል አንጀት ውስጥ ያሉትን ደጎቹን ባክቴሪያዎች ይገድልና መርዝ የሚያመርቱት ይነግሣሉ። ሕፃን ልጅ የሚጠጣው መድኃኒት ጥንቸል ይገድላል ብሎ ማን ያስባል? ለልጄ እውነቱን የነገርኳት ከዓመት በኋላ ነው።

3. ስትደውዪ «ጥንቸል ታያላችሁ?» ብለሽ ብቻ አትጠይቂ፣ ሁሉም አዎ ይላል። «ከቀዶ ሕክምና በፊት ማታ ላስጾማት?» በያቸው። አዎ ካሉሽ ስልኩን ዝጊው። እሷ ሁዳዴ የለባትም፤ አታስመልስም ብዬሽ የለ፣ ባዶ አንጀት ነው የሚጎዳት። ሃውስ ራቢት ሶሳይቲ የሚባለው የአሜሪካ የጥንቸል በጎ አድራጎት ድርጅት ድረ ገጹ ላይ ጥንቸል የሚያክሙ ሐኪሞችን በየስቴቱ ዘርዝሯል፣ እኔም ሐኪሜን ያገኘሁት እዚያ ነው።

ዳማ፣ ማለትም ሁለተኛዋ ጥንቸላችን፣ ባለፈው ክረምት እንዲሁ ስትሆን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው ይዣት የበረርኩት። 24 ሰዓት የሚሠራ ቦታ፣ ግን አስቀድሜ ደውዬ በዚያ ሌሊት ጥንቸል የሚያይ ሐኪም ተረኛ መኖሩን አረጋግጬ። ራጅ አነሷት፣ የሕመም ማስታገሻ ወጓት፣ ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ ሰጧት፣ አሞቋት። 640 ዶላር። እናቴ ከአዲስ አበባ ስትሰማ «ለማይበላ እንስሳ! በዚህ ብር ስንት በግ ይገዛል?» አለች። ባልሽም ያለው ይህንኑ ነው መሰለኝ፣ «ሠላሳ ዶላር ለተገዛች» ብሎ። በግ ልጄ አልጋ ሥር አይተኛም ብዬ ዘጋሁት። በማግስቱ ማታ ዳማ አራት ፍሬ በጠጥ ጣለች፤ ፎቶ አንስቼ ለዘመድ ሁሉ ላክሁ፣ ይሳቁ።

4ኛውን ረስቼው። አዎ፣ ሣጥኑ ውስጥ ፎጣና ድርቆሽ አድርጊላት፣ በመንገድ ላይ ከበላች እሰየው። በሲሪንጅ አፏ ውስጥ ምግብ የሚያስጨምሩሽ ሰዎች እዚህ ግሩፕ ላይ አሉ፤ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ከሆነ ሐኪም ሳያያት እንዳታደርጊው፣ አንጀቷ ተዘግቶም ሊሆን ይችላል።

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ከሆንሽ ለእኛ ሐኪም ሩቅ አይደለሽም። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ስልኳን እልክልሻለሁ።